«ያስቀርባል» ተባለ ማለት...

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ እዚህ ሐዋሳ ሕግ ይማራል። «አሜሪካ ውስጥ ሎተሪ አዟሪዎች ክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ጎተቱት» ብሎ አሳቀኝ። እውነት ነው? አሸነፉስ? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ልጁ አልዋሸሽም፣ እህቴ። ኮኸን የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኖርፎክ በምትባል የወደብ ከተማ ሎተሪ ይሸጡ ነበር። የሎተሪው ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ብሔራዊ ሎተሪ! ዕጣው የሚወጣው ዋሽንግተን ነው፤ መነሻውም ኮንግረስ (የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) ለዋሽንግተን ከተማ የሰጠው ፈቃድ ነው። ቨርጂኒያ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ሎተሪ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ክሱ ላይ የተጻፈው ስድስት ቁራጭ ቲኬት ነው፦ ሁለት ግማሽ፣ አራት ሩብ። ለዚች 100 ዶላር ተቀጡ። ቅጣቱ ትንሽ ስለሆነ በክልሉ ውስጥ ይግባኝ የሚሉበት አልነበረም። ከከተማው ችሎት ቀጥ ብለው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገቡ።

ቨርጂኒያ ተቆጣች። በራሴ ችሎት ያለቀ የወንጀል ጉዳይ እናንተን ምን አገባችሁ አለች። በ1816 እ.ኤ.አ. በአንድ የመሬት ክርክርም እንዲሁ እምቢ ብላ ተረትታለች። (ያኔ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዳኛ ማርሻል መሬቱ ላይ ጥቅም ስለነበረው ከችሎት ተነስቷል። እንዲህ ያለውን እወዳለሁ።) በ1821 የሎተሪውን ፍርድ የጻፈው ግን ራሱ ማርሻል ነው። የፌዴራል ሕግን እያንዳንዱ ክልል እንደፈለገ ከተረጎመው ሕጉ አንድ አይሆንም፤ ስለዚህ የማየት ሥልጣን አለን አለ።

አሸነፉ ወይ? የት! በሩን ካስከፈቱ በኋላ ፍሬ ነገሩ ታየ። ኮንግረስ ሎተሪውን የፈቀደው ለዋሽንግተን ብቻ ነው ተባለ። መቶዋ ዶላር ጸናች።

እኛም አገር ጉዳዩ ይታይ መባልን ከማሸነፍ ጋር አንድ እያደረገ ሰው ይሳሳታል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 80 መሠረት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበት የመጨረሻ ውሳኔ፣ የክልል ቢሆንም፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ላይ ሊታይ ይችላል። መጀመሪያ ግን አጣሪ ዳኞች «ያስቀርባል» (ጉዳዩ ሰበር ይታይ) ወይም «አያስቀርብም» (አይታይም) ይላሉ። አንድ የድንበር ክርክር ያለበት ደንበኛዬ «ያስቀርባል» ሲባል ያሸነፈ መስሎት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዶ አሳ ጋበዘን። ጥብሱም፣ ሾርባውም፣ ሁሉም ቀረበ። ኧረ ቆይ ብለው ማን ሰምቶኝ! ከወራት በኋላ የክልሉ ውሳኔ «ጸንቷል» ተባለ።

ቢሮዬ መጥቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቆየና «ጋሼ፣ የአሳውን ሒሳብ እንካፈል» አለኝ።