የጅራት ቁጥር ታርጋ ነው፤ ሻንሲውን ፈልጉ

ይድረስ ለድሬዳዋና ለሐረር ልጆች፣

እንደምን ከረማችሁ? ከአያቶቻችሁ ሳጥን የወጡ የድሮ የጦር አውሮፕላን ፎቶዎችን እየያዛችሁ «ይህ የትኛው ነው? መቼ የተነሣ ነው?» ስትሉ አያለሁ። ጥያቄው ልቤን ደስ ያሰኘዋል። መልሱ ላይ ግን ትቸኩላላችሁ፤ ጅራቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባችሁ ታሪኩን ያወቃችሁ ይመስላችኋል። ዕድሜዬን ከአውሮፕላን ወረቀትና ከአውሮፕላን ቀለም ጋር ስላሳለፍኩ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የእኛ አቆጣጠር ነው።

ሐረር ላይ ያሉትን ፔዦ 404ዎች ታውቋቸዋላችሁ። አንዷ መኪና ታርጋዋ ሦስቴ ተቀይሮ፣ ቀለሟ አምስቴ ተቀብቶ፣ ሞተሯም ከሌላ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የማይለወጠው የሻንሲ ቁጥሯ ነው። አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። የጅራቱ ቁጥር ታርጋ ነው፤ ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። ሻንሲው ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የመጡት 4 ካንቤራ ቦምብ ጣዮች ቀድሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል ነበሩ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ታርጋ ነበረው። ፋየርፍላይ ከተባሉት ባለ ፕሮፔለር የጦር አውሮፕላኖች ደግሞ አንዳንዶቹ እንግሊዝ ተሠርተው፣ በካናዳ ባሕር ኃይል እጅ አልፈው ነው እኛ ዘንድ የደረሱት። የእኛን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ብቻ ይዞ ካናዳ ወይም እንግሊዝ መዝገብ ቤት መጻፍ መልስ አያመጣም። እነሱ አውሮፕላኑን በራሳቸው ቁጥር ነው የሚያውቁት።

የአሜሪካኖቹ ቁጥር ሌላ ወጥመድ አለው። ሴበር (ኤፍ 86)፣ ቲ 33 እና ኤፍ 5 ለተባሉት ጄቶች አሜሪካ የሰጠቻቸው ቁጥር ከሰረዙ በፊት ሁለት አኃዝ አለው። ያ የተሠሩበት ዓመት አይደለም፤ ግዢው የተያዘበት የበጀት ዓመት ነው። በዚያን ዘመን የእነሱም በጀት እንደኛ ሐምሌ ላይ ይከፈት ነበር። ጅራት ላይ ሲጻፍ ደግሞ የዓመቱ የመጀመሪያ አኃዝ ይቀራል፤ ለምሳሌ 52-4567 ጅራቱ ላይ 24567 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው 24567ን ጠቅላላ ቁጥር አድርጎ ይመዘግበውና ከዚያ በኋላ ፍለጋው ሁሉ ጠማማ ይሆናል። ሙሉ ቁጥሩን ካገኛችሁ አሜሪካ፣ አላባማ፣ ማክስዌል የሚገኘው የአየር ኃይሉ የታሪክ ምርምር ተቋም የየአውሮፕላኑን መዝገብ ካርድ ይዟል። ለእንግሊዞቹ ፎርም 78 የሚባል የዝውውር ካርድ አለ።

ስለ ቦታ ስም አንድ ነገር፣ በተለይ ለሐረር ልጆች። ሰነድ ላይ «ሐረር ሜዳ» የሚል ስታገኙ ሐረር ከተማ እንዳይመስላችሁ። ሐረር ሜዳ ቢሾፍቱ ያለው የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር ነው። «ደብረ ዘይት» የሚለውም እዚያው ነው። የድሬዳዋው ሰፈር ብዙ ጊዜ በድሬዳዋ ስሙ ነው የሚጠራው። በዚህ አንድ ስም ምክንያት ስንት የፎቶ መግለጫ ተሳስቷል!

ዘመኑም እንዲሁ ያሳስታል። ከፎቶ ጀርባ «1969» የሚል ብቻ ካለ ማን ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ። የእኛው 1969 ከሆነ ከመስከረም 1976 እስከ መስከረም 1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኦጋዴን ጦርነት የፈነዳው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። የፈረንጁ 1969 ከሆነ ግን ገና ንጉሡ ዙፋን ላይ ናቸው። በዚህና በዚያ መካከል መንግሥት ተለውጧል፣ ስም ተለውጧል፣ የአውሮፕላኑም ዓይነት ተለውጧል። ጅጅጋ የተመለሰችበት የካቲት 26 ቀን 1970 ለፈረንጁ መጋቢት 5 ቀን 1978 ነው። እኔ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ አንዱን ብቻ የጻፈ ሰው ሌላውን ያሳስታል።

አሁን ወደ ቀለሙ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለምን እንደ ዓይናችን አያይም። ኦርቶክሮማቲክ የተባለው የቆየ ፊልም ቀይን ጨርሶ አያይም፤ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ቢጫውም ይጨልማል። በኋላ የተስፋፋው ፓንክሮማቲክ ፊልም ቢጫን በጣም ያነጣዋል፤ አረንጓዴና ቀይን ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል። ለእኛ ባንዲራ ይህ ከባድ ነው። በክንፉ ላይ ካለው ክብ ምልክት የውጪው ቀለበት የትኛው ቀለም እንደሆነ ከአንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ መናገር አይቻልም። ቀለም ያለው ፎቶም ዋስትና አይደለም። ሳጥን ውስጥ የቆየ የድሮ ህትመት መጀመሪያ የሚጠፋበት ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ስለሆነ ፎቶው በሙሉ ቀላ ይላል፤ ያን አይቶ «አውሮፕላኑ ቡናማ ነበር» ያለ ሰው ተሳስቷል። ፎቶው ውስጥ ቀለሙን የምታውቁት ነገር ፈልጉ፦ የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ፣ አዲስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ የአብራሪው ጥርስ።

ፎቶው ተገልብጦ የታተመ መሆኑንም አጣሩ። ፊደል ካለ ወዲያው ይታወቃል። ፊደል ከሌለ ሴበር ላይ የአየር ፍጥነት የሚለካው ቱቦ በቀኝ ክንፍ ጫፍ ላይ ነው፤ በግራ ካያችሁት ኔጌቲቩ ተገልብጧል።

የቁጥሩን ወይም የምልክቱን መጠን ለማወቅ የታወቀ ርዝመት ተጠቀሙ። የሴበር ርዝመት 11.4 ሜትር ነው። በቀጥታ ከጎኑ በተነሣ ፎቶ ላይ አውሮፕላኑ 190 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ሚሊ ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ይወክላል። የቁጥሩ ቁመት 8.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 51 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀቢዎቹ በኢንች ይሠሩ ስለነበር 20 ኢንች ነው ማለት ይቻላል። ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ 3 ሴንቲ ሜትር ትስታላችሁ፤ አውሮፕላኑ ትንሽ ዞር ብሎ ከተነሣ ደግሞ ስሌቱ በሙሉ ይፈርሳል። ኤፍ 5ን በሚመለከት የመጀመሪያውን ዓይነት ከኋለኛው ለመለየት ክንፉን ተመልከቱ፦ ኤፍ 5 ኤ 7.70 ሜትር፣ ኤፍ 5 ኢ 8.13 ሜትር ነው። ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት የፊት ጠርዝም በኋለኛው ይሰፋል።

ስካን ስታደርጉ ህትመቱን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ፊቱንም ጀርባውንም። የስቱዲዮ ማህተምና የእጅ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ይበልጣል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ትንንሾቹ ቁጥሮች ወደ ጭቃ ይለወጣሉ።

ስብርባሪ ያገኘ ሰው ደግሞ ይህን ይስማኝ። ከጅጅጋ ወዲያ ያለው መሬት ጦርነት ያየ መሬት ነው፤ ያልፈነዳ ነገር ሊኖርበት ይችላል። አብራሪውን ከአውሮፕላኑ የሚያስፈነጥረው መቀመጫ ፈንጂ አለው፤ ያረጀ ቢሆንም አይነካም። በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡ የአብራሪውን ክፍል የድሮ መለኪያዎች አትክፈቱ፤ ራዲየም ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ ለብዙ ሺህ ዓመት ይኖራል። ከስር የሚታየው ቢጫ አረንጓዴ ቀለም ክሮሜት ያለበት ነው፤ በደረቁ አትፋቁት፣ አቧራው ለካንሰር ይዳርጋል። ያገኛችሁትንም ከቦታው ሳታነሡ ለባህልና ቅርስ ቢሮና ለፖሊስ አሳውቁ። ካለበት ከተነሣ ግማሽ ታሪኩ ጠፍቷል፤ የአሉሚኒየም ነጋዴ ከደረሰበት ደግሞ ቀልጦ ድስት ይሆናል።

የማን ነበር የሚለውን በቶሎ አትፍረዱ። ኤፍ 5 ከሆነ የእኛ ነው፤ ሶማሊያ አልነበራትም። ሶቪየት ሠራሹን ሚግ 21 ግን ሁለቱም ወገን አብርሮታል፣ የሩሲያ ፊደል ስላለበት ብቻ የዚህ ነው አይባልም። የፋብሪካው ቁጥር የመጨረሻ አኃዞች በየክዳኑ ላይ ይደጋገማሉ፤ አንዱ ክዳን ላይ ሌላ ቁጥር ካለ ከሌላ አውሮፕላን የተነቀለ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ከሦስት ቦታ አንብቡ። ትንሿን የብረት ታርጋ በስስ ወረቀትና በለስላሳ እርሳስ እያሻሻችሁ ገልብጡ። ቁጥሩ ይታይልኝ ብሎ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ መጥረግ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል፤ ንጹሕ ውሃና ጥጥ ይበቃል። በላዩ ሌላ ቀለም የተቀባበትን የቆየ ቁጥር ለማየት ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ዝቅ እያለች ሂዱ። በጎን የሚመጣው ብርሃን የቀለሙን ጠርዝ ያወጣዋል። የድሬን ቀትር ተዉት፣ ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ፀሐይ ያገረጣውን ቀለም ትታችሁ በክዳን ሥር የተደበቀውን አነጻጽሩ።

አየር ማረፊያው የጦር ሰፈርም ስለሆነ ያለ ፈቃድ ደብዳቤ ካሜራ አታንሡ። ሥራችሁን የሚያበላሽ አንድ ወታደር ሳይሆን የናንተው ችኮላ ነው።

በመጨረሻ ሰዎቹን ጠይቁ፣ ጊዜ የለም። ሁሉም አብራሪውን ይፈልጋል፤ እኔ ቀቢውንና መካኒኩን አስቀድማለሁ፣ ብሩሹን የያዘው እሱ ነውና። ቤቱ ስትሄዱ «ጋሼ» ወይም በማዕረጉ ጥሩት፣ ቡናው እስኪፈላ ታገሡ። ፎቶውን መጀመሪያ አታሳዩ፤ ያየው ፎቶ ትዝታውን ይተካዋል። «ቀዩ ከላይ ነበር አይደል?» አትበሉ፤ «ቀለሙን ከየትኛው ጀመራችሁ?» በሉ። ከዚያ ፎቶውን አውጡ፣ የሚለውን በራሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በሐረሪም ቢሆን፣ እንዳለ ጻፉ። ከሥሩ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የተናጋሪውን የሥራ ድርሻና ስለ የትኛው ጎን፣ ግራ ወይስ ቀኝ፣ እንደተናገረ መዝግቡ። ኦሪጅናሉን በዚያው ቀን መልሱለት።