ጎርፍ ጤፌን ወሰደው፤ በሬዬን ልሽጥ?

ጥያቄ፦ በበቾ ሜዳ የዘራሁት ጤፍ ነሐሴ ላይ የአዋሽ ውሃ ተኝቶበት ጠፋ። አሁን አራት ኪሎ ልጄ ዘንድ ነኝ። አንዱን በሬ ሸጬ ጤፉን ልድገመው ወይስ ጓያ ልዝራ?

መልስ፦ በሬውን አይንኩት። ጎርፍ የአንድ ዓመት ምርት ይወስዳል፤ ጥማድ የጎደለበት ገበሬ ግን ለከርሞው መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ግማሹን ምርት ለሌላ ሲያስረክብ ይኖራል። የግድ ከሆነ በግ ይሽጡ።

ጤፉንም አይድገሙት። ሥሩ ከላይ ስለሚቀር ዝናቡ ሲወጣና መረሬው (ጥቁሩ አፈር) መሰንጠቅ ሲጀምር ሳያፈራ ይደርቃል። ይልቅ ሽምብራ ይዝሩ፤ እርጥበቱን እየተከተለ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። ለዚህ ጎርፉ የተወልዎት እርጥበት ይበቃዋል። ውሃው ሳይንጣፈፍ አይቸኩሉ፤ ዘሩ ይበሰብሳል። ጭቃው ከማረሻው መጣበቁን ሲተው፣ ከመስከረም አጋማሽ ሳያልፍ፣ በመስመር 30 ሴንቲ ሜትር አራርቀው፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ትተው ይዝሩ። ለሩብ ሄክታር 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይፈልጋል። ጎርፍ የነካውን የጎተራ እህል ለዘር አያስቡት። በአዲስ አበባው የእህል ገበያ በእህል በረንዳ የሚሸጠውም ለሽሮ የተዘጋጀ እንጂ ለዘር የተለየ አይደለም፤ መጀመሪያ የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁን ይጠይቁ። ከየትም ያግኙት፣ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይሞክሩት፤ በሳምንት ውስጥ ከ80 በታች ከበቀለ ሌላ ይፈልጉ። ሲያብብና ሲያፈራ ጓይ ትል ስለሚወደው በየማለዳው ይመልከቱት።

ገንዘቡ ቶሎ ካስፈለገዎት ታኅሣሥ ላይ ጥቂቱን በእሸቱ ይሸጡ። ልጅዎ ሠፈር በየመንገዱ ዳር እሸት ሽምብራ በእስር እየተሸጠ ያያሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው ፈልፍሎ መብላት ይወዳል።

ስለ ጓያ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ውሃውንም ድርቁንም ይችላል፣ ዘሩም ርካሽ ነው፤ ለዚህም ነው ከጎርፍና ከድርቅ በኋላ በየቤቱ የሚገባው። ሌላ እህል ጠፍቶ ለሁለት ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደ እግርም አይመለስም። ደጋግሞ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የዘሩ እንደሆነ ለገበያ ያድርጉት፤ ለቤት ቢገባ እንኳ በብዙ ስንዴ ወይም ገብስ መካከል ጥቂት ይሁን።

በሬዎቹን ከረግረጉ ዳር ለጊዜው ያርቋቸው፤ የጉበት ትል እዚያ ካሉት ቀንድ አውጣዎች ይመጣል። የዝናቡ ወቅት ሲያበቃ የእንስሳት ጤና ባለሙያው የትል መድኃኒት ይስጥልዎት። ደለል የለበሰውንና የሻገተውን ገለባም አይስጧቸው።