ከኮምፒውተሩ በፊት ጭቃውን ለኩት

ይህን የምጽፈው ሴራሚክ ፋብሪካ ለገባችሁ ወይም ልትገቡ ለምታስቡ ወጣት መሐንዲሶችና ዲዛይነሮች ነው። ሲሙሌሽን (ዕቃው ሲደርቅና ሲተኮስ የሚሆነውን ቀድሞ በኮምፒውተር ማስላት) ከእኛ በተሻለ ትችላላችሁ፤ በዚህ አልከራከርም። በእኛ ጊዜ አዲስ የእጅ መታጠቢያ ለማውጣት የጀሶ ሻጋታ ይሠራል፣ ጭቃው ይፈስበታል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል። ጠማማ ሆኖ ከወጣ ሻጋታው ይጣልና እንደገና ከሀ ይጀመራል። ዛሬ ጠማማነቱ ገና ሻጋታ ሳይሠራ በስክሪን ይታያል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎቻችሁ ፕሮግራሙ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን የጭቃ ባሕርይ ቁጥር ትወስዱና «ራን» ትላላችሁ። ስክሪኑ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ያምራል። ግን የማን ጭቃ ነው? የእኛው የቦምቦዋ ካኦሊን (ነጩ የሴራሚክ አፈር) የእንግሊዝ አገሩ የኮርንዎል ካኦሊን አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ካሊፐር (ርዝመት በጥቃቅን ልክ የሚለካ መሣሪያ) ያዙ። ከራሳችሁ ጭቃ ረዘም ያለ ናሙና አውጡና እርጥብ ሳለ ላዩ ላይ ልክ 100 ሚሊሜትር መስመር ጫሩበት። ሲደርቅ ለኩት፣ ሲተኮስም ለኩት። መጀመሪያ 94፣ በኋላ 89 ሆነ እንበል። በጠቅላላው 11 በመቶ ተኮማተረ ማለት ነው። አሁን 400 ሚሊሜትር ዕቃ ፈለጋችሁ። ብዙ ሰው 400 ላይ 11 በመቶ ይጨምርና ሻጋታውን 444 ያደርገዋል። ዕቃው 395 ሆኖ ይወጣና መቆሚያው ላይ አልገጥም ይላል። ትክክሉ 400ን ለ0.89 ማካፈል ነው፤ ወደ 449 ይመጣል። በቁመትና በወርድ እኩል ላይኮማተር ስለሚችል ሁለቱንም ለኩ። (አንዳንድ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጭቃው ውስጥ የተወቀጠ ገል የሚጨምሩት ይህንኑ መኮማተር ለመቀነስ ነው። ያለ ኮምፒውተር!)

መጉበጥም አለ። 1,200 ዲግሪ አካባቢ ጭቃው ውስጥ ያለው ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ይቀልጥና ዕቃው ይለሰልሳል፤ ሰፊ ጠርዝ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሲሙሌሽን እንጀራውን የሚበላው እዚህ ነው። ስንት እንደሚወርድ ያሰላላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ሻጋታውን በዚያው ልክ ወደ ላይ ጎበጥ ታደርጉታላችሁ። ከእቶን ሲወጣ ቀጥ ይላል። ለዚህም ቀጭን ናሙና ሁለት ድጋፍ ላይ አጋድማችሁ ተኩሱና መሀሉ ምን ያህል እንደወረደ ለኩ፤ ቁጥሩን ለሞዴሉ ስጡት።

የእቶኑንም ሙቀት ከመቆጣጠሪያው ላይ ብቻ አታንብቡ። ቴርሞካፕሉ (እቶኑ ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ) የሚነግራችሁ እሱ ያለበትን ቦታ ሙቀት ነው፤ የወፍራም ዕቃ ውስጥ ከዚያ ወደኋላ ይቀራል። በተለይ ሲቀዘቅዝ 573 ዲግሪ ላይ ዕቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በድንገት ይኮማተራል። ውጪው አልፎት ውስጡ ገና ከሆነ ዕቃው ሊሰነጠቅ ይችላል። እዚያ ጋ ምን ያህል ቀስ ማለት እንዳለባችሁ ሞዴሉ ያሳያችኋል። ሌላው ቦታ ፈጠን ብላችሁ ነዳጅ ታተርፋላችሁ።

ለሶፍትዌር ብር የለንም አትበሉኝ። የንድፉ ፍሪካድና የሲሙሌሽኑ ኤልመር በነፃ ይወርዳሉ፤ ክራክ (ቁልፉ የተሰበረ ሕገወጥ ቅጂ) ፍለጋ ስትዞሩ ቫይረስ አትልቀሙ።

የተሰነጠቀ ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ፎቶ አንሱና ከሞዴሉ ፋይል ጋር አስቀምጡ። ሞዴሉ ባልጠበቀው ቦታ ከተሰነጠቀ ደግሞ ከእቶን ሠራተኛው ጋር ሻይ ጠጡ። የትኛው በርነር (የእቶኑ እሳት ማንደጃ) እንደሚያስቸግር እሱ ያውቃል።