ሶማሊኛ በሦስት ወር፦ ጅግጅጋ ለምትመደበው ነርስ

እህታችን፣ ነርስ እንደሆንሽ፣ ከሦስት ወር በኋላ ጅግጅጋ እንደምትመደቢ፣ ከአማርኛ ሌላ የኦሮምኛ ቁቤ (ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) ማንበብ እንደምትችዪ ጽፈሽ፣ «ሶማሊኛን በሰዋስው ልጀምር ወይስ በቃላት?» ብለሻል። በሁለቱም አትጀምሪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለጆሮና ለጉሮሮ ስጪ። በድምፁ የተሳሳተ ጀማሪ አምስት መቶ ቃል ቢሸመድድም ታካሚው «ምን አልሽ?» ይለዋል።

መጀመሪያ ፊደሉ። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. በ1972 በይፋ የላቲን ፊደል ስለያዘ ጽሕፈቱ ከንግግሩ ብዙም አይርቅም። አንቺን የሚያደናግርሽ ግን ቁቤው ነው። በቁቤ «ኤክስ» ጠ ነው፣ በሶማሊኛ ሐ ነው። በቁቤ «ሲ» ጨ ነው፣ በሶማሊኛ ዐ ነው። ሶማሊኛ ጠም ጨም ጰም የለውም፤ ስለዚህ ጽሑፍ ስታነቢ እነዚህ ድምፆች ከአፍሽ ከወጡ ቁቤ እያነበብሽ ነው ማለት ነው። «ዲ» እና «ኤች» አብረው ሲጻፉ ግን የኦሮምኛውን ዸ አስቢ፤ ምላስን ወደ ላንቃ ቆልመም ማድረግ ነው። «ኪው» ከአማርኛው ቀ ወደ ኋላ ገባ ይላል፣ አይፈነዳም።

ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ በአማርኛ በጽሕፈት ብቻ የቀሩ ልዩነቶች ናቸው። በሶማሊኛ ትርጉም ይለውጣሉ፦ «ሀል» አንድ ነው፣ «ሐል» መፍትሔ ነው፤ «ዐብ» ጠጣ ማለት ነው፣ «አብ» የዘር ሐረግ አባት። ትግርኛ የሚናገር ጎረቤት ካለሽ ሁለቱን ድምፆች ከእሱ ስሚ፤ ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል። ካጣሽ፣ መነጽር ለመወልወል በመስታወቱ ላይ ትንፋሽ እንደምትተፊው አድርጊ፤ ትንፋሹን ጉሮሮ ውስጥ ስታጠብቢው ሐ ይወጣል። ያንኑ ጥበት ሳትለቂ ድምፅ ጨምሪበት፣ ዐ ነው።

ቀጥሎ የአናባቢ ርዝመት። እዚህ ለማስረዳት ያህል አጭሩን በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ እጽፋለሁ፦ «ደብ» እሳት፣ «ዳብ» እጀታ። አማርኛ ተናጋሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም አናባቢ እኩል ያስረዝማል። መጥበቅና መላላት ግን ከልጅነትሽ አብሮሽ ያለ ነው፤ እንዲያውም እንደ አማርኛው ለአንባቢው ግምት አይተውም፣ ተነባቢው ሁለት ጊዜ ይጻፋል። «ወረን» ጦር ነው፣ «ወርረን» ወሬ ንገሪኝ ነው። «ኢስከ ወርረን?» ማለት እንዴት ነሽ ነው፤ ካላጠበቅሽው ስለ ጦር እያወራሽ ነው። ማስታወሻሽን በአማርኛ ፊደል መያዝ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አቁሚ፤ የአናባቢው ርዝመት የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቃል፦ በቀን ስምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን። በቀሩት 10 ሳምንታት 400 ያህል ይሆናል፣ ለመታከሚያ ክፍል ይበቃል። ስምን ብቻውን አትያዢ፣ ከመስተአምሩ (እንደ አማርኛው «-ው» ከስሙ ጫፍ ከሚለጠፈው) ጋር ያዢ፤ ጾታው የሚታወቀው በመጨረሻው ድምፅ ነው። ወንዴው ብዙውን ጊዜ በ«ከ»፣ ሴቴው በ«ተ» ያልቃል፦ «ዸኽተር» ሐኪም፣ «ዸኽተርከ» ሐኪሙ፤ «ሉግ» እግር፣ «ሉግተ» እግሩ። ከሐ፣ ከዐና ከመሰሎቻቸው በኋላ «ከ» ይወድቃል፦ «መደሕ» ራስ፣ «መደሐ» ራሱ። በል የሚያልቅ ሴቴ ሲሆን ልና ተ ተዋሕደው ሸ ይሆናሉ፦ «ዐሎል» ሆድ፣ «ዐሎሸ» ሆዱ። ብዙ ቁጥር ላይ ጾታው ሲገለበጥ ደግሞ አትደንግጪ፦ «ሉግተ» ሴት ነበረች፣ እግሮቹ ግን «ሉገሀ» ናቸው፣ ወንድ።

ይህ ለጌጥ አይደለም፣ ግሡ ይከተለዋል። «መደሐ ባ ኢ ሐኑነየ» ራሴን ያመኛል፤ «ዐሎሸ ባ ኢ ሐኑነይሰ» ሆዴን ያመኛል። አወቃቀሩ እንደ አማርኛው ነው፤ የሚያመው አካል ባለቤት፣ «ኢ» ደግሞ የእኛው «-ኝ»። ስትጠይቂ «መሓ ኩ ሀየ?» በይ፤ ቃል በቃል «ምን ይዞሻል?» ነው፣ ሰዉም የሚለው ይህንኑ ነው። «ቀንዾ» ትኩሳት፣ «ቁፈዕ» ሳል፣ «ሹበን» ተቅማጥ፣ «ኢርበድ» መርፌ፣ «ኪኒኒ» ኪኒን። «ሱቅ» የሚባለውን ግን እወቂው፤ ገበያ ነው እንጂ ሱቅ አይደለም፣ ሱቁ «ዱካን» ነው።

ያቺ «ባ» ምንድን ናት? መማሪያዎች ምዕራፍ ሙሉ የሚፈጁባት ነገር ናት፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይረዳታል። «ሻይ ጠጣሁ» እና «ሻይ ነው የጠጣሁት» ያለውን ልዩነት ታውቂዋለሽ። «ዋን ዐብበይ» ጠጣሁ፣ «ሻህ ባን ዐብበይ» ሻይ ነው የጠጣሁት። ልዩነቱ፣ እኛ «ነው»ን ስንፈልግ እንጠቀማለን፣ ሶማሊኛ ግን ተራ ዐረፍተ ነገር ያለ «ዋ» ወይም ያለ «ባ» አያቆምም። ረስተሽ ግሡን ብቻ ብትጥዪው የተንጠለጠለ ይመስላል።

«ከ» የምትባለዋ ደግሞ ወጥመድ ናት። ትርጉሟም ድምፅዋም የእኛው «ከ» ነው፣ ቦታዋ ግን ከስሙ ፊት ሳይሆን ከግሡ ፊት ነው፦ «አዲስ አበባ ባን ከ ኢሚድ»፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። «ኩ» (በ)፣ «ኡ» (ለ)፣ «ለ» (ከ… ጋር) ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ዐረፍተ ነገር ስትሠሪ ስሙን ባዶውን አስቀምጪና መስተዋድዱን ከግሡ አጠገብ አቆይው።

ግሥ ላይ አትጨናነቂ። ለመጀመሪያው ወር ኀላፊ ጊዜ፣ አሉታና ትእዛዝ ይበቃሉ። «ኬን» አምጣ ወይም አምጪ፣ «ኬነይ» አመጣሁ ወይም አመጣ፣ «ኬንተይ» አመጣህ፣ አመጣሽ ወይም አመጣች። የኀላፊው አሉታ ለሁሉም መደብ አንድ ነው፦ «መ ኬኒን»። «መ» ግን ጥያቄም ናት፦ «ዳወደ መ ኬንተይ?» መድኃኒቱን አመጣሽ? የሚለየው የግሡ ጫፍ ነው፣ ስለዚህ ጫፉን አትዋጪው። በፊት ቅጥያ የሚሄዱት ግሦች አምስት ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ «ማወቅ» ነው፦ አቃን፣ ተቃን፣ የቃን፣ ተቃን፣ ነቃን። አውቃለሁ፣ ታውቃለህ፣ ያውቃል፣ ታውቃለች፣ እናውቃለን ከሚለው ጎን አስቀምጪውና ራስሽ እዪው።

ቁጥር ላይ ተጠንቀቂ፣ በተለይ በዕድሜና በመድኃኒት መጠን። ከ20 በላይ አንዱ ይቀድማል፣ ዐሥሩ ይከተላል፦ 35 «ሸን ኢዮ ሶድዶን» (አምስትና ሠላሳ)፣ 53 «ሰድዴሕ ኢዮ ኮንቶን»። በአማርኛ ቅደም ተከተል የለመደ ጆሮ 35ቱን 53 አድርጎ ይጽፋል። ለሳምንት ያህል ሰው እየጠራልሽ ቁጥር ጻፊ፣ በቀን ሠላሳ። መድኃኒት ስትሰጪ «ማሊንቲ ሰድዴሕ ጄር» (በቀን ሦስት ጊዜ) በይና በጣትሽም አሳይ። ታካሚውም መልሶ ይንገርሽ።

ለመስማት የቢቢሲ ሶማሊን ዜና በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ያንኑ አንድ ዜና ሦስት ጊዜ ስሚ፤ አዲስ አዲስ ማሳደድ ለጀማሪ አይጠቅምም። ጅግጅጋ ላይ ግን «ገበር» (ልጃገረድ) ብለሽ ያነበብሽው «ገበዽ» ሆኖ ትሰሚዋለሽ፤ ደቡቡ ር የሚለውን ሰሜኑ ዸ ይለዋል። አንዱን መርጠሽ ተናገሪ፣ ሁለቱንም ስሚ።

አክብሮት ላይ የሚደናገሩ አሉ። ሶማሊኛ በተለምዶ እንደ «እርስዎ» የሚጠቀምበት ተውላጠ ስም የለውም፣ ለሽማግሌም «አዲገ» (አንተ) ነው። አክብሮቱ በአጠራሩ ነው፦ ለሽማግሌ «አዴር» (አጎት)፣ ለትልቅ ሴት «ኤድዶ» (አክስት)፣ ለእኩያ «ወላል»። ሽማግሌው መልሶ አንቺኑ «አዴር» ቢልሽ አልተሳሳተም፤ የዝምድናው ስም በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል።