አውሮፕላን ለምትወዱ ልጆች፦ መሬቱንም ተማሩ

ውድ ልጆቼ፣

ኢንጂነሪንግ የምትማሩና አቪዬሽን ውስጥ መግባት የምትፈልጉ ወጣቶች የአውሮፕላን ነዳጅ ሊሆን ስለሚችለው ስለ ሃይድሮጅን ጋዝ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ ስለ አውሮፕላኑ ነው። መቼ ይበራል? ስንት ሰው ይጭናል? እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አውሮፕላን በሚቆምበት፣ ነዳጅ በሚሞላበትና ሻንጣ በሚጫንበት ቦታ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ትንሽ ወደ መሬት እንድትመልሱ እለምናችኋለሁ።

መብረሩማ በርሯል። ሶቪየቶች ቱ-155 የተባለውን አውሮፕላን አንዱን ሞተር በሃይድሮጅን እያሠሩ ያበረሩት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በ2023 ደግሞ ዜሮአቪያ የተባለ ኩባንያ እንግሊዝ ውስጥ 19 መቀመጫ ያለው ዶርኒየር 228 በአንድ ክንፉ የሃይድሮጅን ሞተር ገጥሞ አበረረ። አውሮፕላን ሠሪው ኤርባስም በ2020 ወጥቶ «በ2035 የሃይድሮጅን አውሮፕላን አቀርባለሁ» ብሎ ነበር። በ2025 ግን ዕቅዱን ወደ ኋላ ገፋው። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱን ልብ በሉልኝ፦ ሃይድሮጅኑን የሚያመርተው፣ የሚያጓጉዘውና የሚያከማቸው ነገር ሁሉ በታሰበው ፍጥነት አልመጣም። የጎደለው ያለው መሬት ላይ ነው።

ለምን እንደሚከብድ ላስረዳችሁ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከአንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል አለው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ቦታ ይበላል። ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። እንደዚያም ሆኖ ለተመሳሳይ ኃይል አራት እጥፍ ያህል ቦታ ይፈልጋል። ሙቀት ትንሽ ካገኘ ይተንና ይሄዳል። እንግዲህ ይህን ፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ፋብሪካ፣ የሚይዝ ታንክ፣ የሚያስተላልፍ ቱቦና የሚሞላ ባለሙያ ኤርፖርቱ ማዘጋጀት አለበት።

አሁን እስክሪብቶ አውጡና አብረን እናስላ። አንድ መካከለኛ አውሮፕላን 10 ቶን ነዳጅ ሞላ እንበል። ያንን ኃይል በሃይድሮጅን ለመተካት ወደ 3.6 ቶን ያስፈልጋል። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 55 ኪሎዋት ሰዓት፣ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ለማድረግ ደግሞ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያዙ። ለአንድ ሙሌት ብቻ 230 ሜጋዋት ሰዓት አለፈ። በቀን መቶ እንዲህ ያለ ሙሌት ካለ ደግሞ ወደ 1,000 ሜጋ ዋት፣ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ይፈለጋል። ይህ ከታላቁ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። ግድቡም ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅሙ አያመነጭም። ቁጥሩን የጻፍኩት ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። ስለ ሃይድሮጅን የሚያወራ ሰው ከዚህ ስሌት መጀመር ስላለበት ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ምንጩን ጠይቁ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጅን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነው። ከጋዝ አንድ ኪሎ ሲወጣ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። እንዲህ ያለውን ሃይድሮጅን ኤርፖርት አምጥቶ «ጭስ የለሽ ሆንን» ማለት ጭሱን ከከተማ ወደ ፋብሪካ ማዛወር ነው። ይህን ፊት ለፊት ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ጠያቂው የቱንም ያህል ጀማሪ ቢሆን።

የመሬቱ ሥራ እስኪደርስ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። የቆመ አውሮፕላን መብራትና አየር ማቀዝቀዣ እንዲሠራለት ጅራቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር ነዳጅ ያቃጥላል። በሩ ላይ ኤሌክትሪክ ከተሰካለት ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ለሻንጣ ጎታቾችና ለአጭር ርቀት አውቶቡሶች ባትሪ ይበቃል ባይ ነኝ። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ሃይድሮጅን ሆኖ ከዚያ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ሲሆን ሲሶው ያህል ብቻ ነው የሚተርፈው። ሃይድሮጅንን ባትሪ ለማይችለው ከባድ ሥራ ብታስቀምጡት ይሻላል። ሆኖም የእንግሊዙ ብሪስቶል ኤርፖርት በ2024 ሻንጣ ጎታቾችን በሃይድሮጅን ሞልቶ አውሮፕላን አጠገብ ማሠራቱን በጣም ወድጄዋለሁ። ጥቅሙ ሠራተኛው ከጋዙ ጋር እንዲላመድ፣ የደህንነት ደንቡም በተግባር እንዲፈተሽ ማድረጉ ነው።

ደህንነቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሃይድሮጅን ሽታ የለውም። እሳቱ በቀን ብርሃን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ሊቀጣጠል ይችላል። በድሮ ጊዜ የሮኬት ነዳጅ ሠራተኞች መጥረጊያ ከፊታቸው ዘርግተው ይሄዱ ነበር። መጥረጊያው ከተያያዘ እዚያ እሳት አለ ማለት ነው። ዛሬ ሴንሰርና ልዩ ካሜራ አለ። እነሱን የሚገጥምና የሚፈትሽ፣ ማንቂያው ሲጮህ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ግን ገና በበቂ ቁጥር አልሠለጠነም። ብየዳ፣ ቅዝቃዜ፣ ቫልቭ፣ ኤሌክትሪክ የተማራችሁ የቴክኒክና ሙያ ልጆች፣ ይህ በር ለእናንተም ክፍት ነው።

አሁን ቢሾፍቱ አጠገብ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለ አዲስ ኤርፖርት እየተገነባ ነው። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ እዚያ ትቀጠራላችሁ። የቱቦው መስመር፣ የታንኩ ቦታ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አቅም የሚወሰነው ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ነው። ዲዛይኑ ፊታችሁ ከተዘረጋ ከተርሚናሉ ሥዕል በፊት የነዳጁን ገጽ ክፈቱ። ለነገ የሚሆን ባዶ ቦታ ተትቶ እንደሆነ እዩ። ካልተተወ እጃችሁን አውጡና ተናገሩ።