ጀማሪ ጓደኛችሁን ዐለት ስታስወጡ ይሉኝታን ቤት ተዉት

ጂም ውስጥ የመውጫ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ሐበሻ አሁን አሁን ብርቅ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል ያደረች ነርስ አለች፣ ታክሲውን ደጅ አቁሞ ለአንድ ሰዓት የሚገባ አለ። ትንሽ እጅ ሲፈታ ደግሞ ውጪ፣ እውነተኛው ዐለት ላይ መውጣት ይመጣል። ከዚያ ፎቶ ይለጠፋል። ፎቶው ከተለጠፈ በኋላ የማይቀር ስልክ አለ፦ «እኔንስ መቼ ነው የምትወስደኝ?»

ይህን የምጽፈው ለጠያቂው አይደለም። «ቅዳሜ እንሂድ» ብሎ ለሚመልሰው ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን መርምሩ። ጂም ውስጥ ገመዱን ከላይ ያሰረላችሁ ሌላ ሰው ነው። ብረቱን የሚፈትሽ፣ ያረጀውን የሚቀይር ሠራተኛ አለ። ውጪ ይህ ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው። ዛፍ ትመርጣላችሁ፣ ስንጥቅ ውስጥ ብረት ትሰካላችሁ። አንዱ ቢነቀል ሌላው እንዲይዝ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ታስራላችሁ። የመውጫው ገመድ ጠርዝ ላይ እየተፋተገ እንዳይበላ ማሰሪያውን ከጠርዙ አሳልፋችሁ ታወርዳላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው እያየ ደጋግማችሁ ካልሠራችሁት፣ ጂም ውስጥ የቱንም ያህል ከባድ መስመር ብትወጡ ጀማሪ ለመውሰድ ገና ናችሁ። ዩቲዩብ አይበቃም። አሜሪካ ያላችሁ የኤኤምጂኤ (የአሜሪካ የተራራ መሪዎች ማኅበር) ምስክር ወረቀት ያለው የተራራ መሪ ፈልጉ። ለሦስት ለአራት ሆናችሁ አንድ ቀን ቅጠሩት። ገንዘቡ ከበዛባችሁ ለአንድ ሠርግ ስንት እንደምናወጣ አስቡ።

ቦታ ላይ ደግሞ ቀላሉን ምረጡ። ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሰው የእኔ ምርጫ ሜሪላንድ ያለው ካርዴሮክ ነው። ዋሽንግተንን ከሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ከቤልትዌይ፣ ብዙ አይርቅም። በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በቼሳፒክና ኦሃዮ ካናል ፓርክ ውስጥ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት ደቂቃ በእግር ትደርሳላችሁ። ዐለቱ አጭር ነው፣ ከ20 ሜትር አይበልጥም። ከላይ የምታስሩበት ጥሩ ጥሩ ዛፍ አለ። አንድ ነገር ግን ለጓደኛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ዐለቱ ያንሸራትታል። ድንጋዩ ሚካ የሚባል የሚያብለጨልጭ ማዕድን የበዛበት፣ ሺስት የሚሉት ዓይነት ነው፤ በዚያ ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ሰው ስለወጣበት እግር የሚያርፍበት ሁሉ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። የአሜሪካ የመስመር ከባድነት ደረጃ ከ5.0 ተነሥቶ እስከ 5.15 ይሄዳል። ጓደኛችሁ ጂም ውስጥ 5.7 ወጥቶ ከነበረ እዚህ ከ5.3 ወይም ከ5.4 አስጀምሩት። እዚህ ድሮ የተሰጡት ቁጥሮች ከጂሙ ይከብዳሉ። ይህን ሳያውቅ ከሄደ ችግሩ ከእሱ ይመስለዋል።

ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂኒያ በኩል ያለው ግሬት ፎልስ ከካርዴሮክ ይልቅ ያምራል። ለመጀመሪያ ቀን ግን አልመክረውም። ብዙ ቦታ ላይ ወደ ዐለቱ ሥር ለመድረስ ራሱ ገደል መውረድ አለ፣ ሥሩ ደግሞ ወንዝ ነው። ውኃ መግባትም ክልክል ነው፤ ያ ወንዝ ከላይ ሲያዩት የተኛ ይመስላል እንጂ ሰው ይወስዳል።

ጊዜው መስከረምና ጥቅምት ይሁን። በሐምሌ ወበቅ እጅ ያልበዋል፣ ያላበው እጅ ደግሞ አይይዝም። ገልፍ ያላችሁ፣ ለምሳሌ ወደ ራስ አል ኸይማ ተራሮች የምትሄዱ፣ ነገሩ የብርድ ወራት ብቻ ነው፤ ዝናብ ካለ ወደ ሸለቆው አትግቡ፣ ጎርፉ ሳይታሰብ ይመጣል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ድሬስደን አጠገብ ያለው የአሸዋ ድንጋይ የራሱ ሕግ አለው። ሲረጥብ አይወጣም፣ ስንጥቅ ውስጥ ብረት አይሰካም። የአገሩን ሰው ሳትይዙ አትሂዱ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የኛ ሰው ሃርነሱ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው ቀበቶ) ጭኑን እየቆረጠው «ኧረ ምንም አይደል» ይላል። ጫማው ጣቱን እያጠፈው «ደህና ነኝ» ይላል። ከዓመታት በፊት ትከሻው ወልቆ እንደነበር አይነግራችሁም፣ ቀናችሁን እንዳያበላሽ ብሎ። መውረድ እየፈለገ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከታች ሰው እያየው ነዋ! ይሉኝታ ግብዣ ላይ ቢበዛ ሆድ ያስጨንቃል። ገመድ ላይ ግን ሳይነገር የቀረው ነገር ነው ሰው የሚጎዳው።

ስለዚህ መናገሩን አቅልሉለት። «ተመችቶሃል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ነው። «ሃርነሱ የት ጋ ነው የያዘህ?» በሉት። «የትኛው ጣትህ ነው የሚያምህ?» በሉት። የጤናውን ነገር ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ መኪና ውስጥ ጠይቁት። ትከሻ፣ ወገብ፣ የደም ግፊት፣ የሚወስደው መድኃኒት። የጤና ኢንሹራንስ እንዳለውም ጠይቁ፤ እዚህ አሜሪካ እግር ቢሰበር ከአጥንቱ ሂሳቡ ይብሳል። «ገመድ ስላለ ምንም አትሆንም» የሚባል ነገር ደግሞ ተዉ። እውነት አይደለም። ምን ምን አደጋ እንዳለና ምን እንዳደረጋችሁበት ንገሩት፣ ከዚያ እሱ ይወስን።

ገና ከቤት ስትወጡ ይህን በሉት፦ «ዛሬ አንዴም ሳትወጣ ብትመለስ ደስ ይለኛል።» ስትሉትም ከልባችሁ ይሁን። «አውርደኝ» ሲል ወዲያው ይወርዳል። «ትንሽ ነው የቀረህ» የለም፣ «እስቲ አንዴ ሞክራት» የለም። ቃሉ መከበሩን አንዴ ካየ በሚቀጥለው ከፍ ብሎ ይሄዳል። ተለምኖ የወጣ ሰው ግን ፎቶውን ይለጥፍና ሁለተኛ ስልካችሁን አያነሣም። «ወንድ አይደለህ እንዴ?» የሚለውን ደግሞ ከነጭራሹ አልሰማ።

ይሉኝታው በእናንተም በኩል አለ። ይዛችሁ የሄዳችሁት በዕድሜ የሚበልጣችሁ ሰው ከሆነ ማረም ይከብዳል። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቋጠሮዎን ልየው» በሉ። እሳቸውም የእናንተን ይዩ። ከመሬት እግር ከመነሣቱ በፊት ሁለቱም ሰው የሌላውን ይፈትሻል፦ የሃርነሱ ማሰሪያ፣ ስምንት ቁጥር የሚመስለው ቋጠሮ፣ ካራቢነሩ (ገመድ የሚያያዝበት፣ የሚከፈት የሚዘጋው ቀለበት) መቆለፉ፣ በገመዱ ጫፍ ላይ ሌላ ቋጠሮ መኖሩ። በእጅ እየነካችሁ፣ በየተራው። ታላቅ ታናሽ የለም።

ለባልና ሚስት፣ ለእጮኛሞች ምክሬ አጭር ነው። ሌላ ሰው ያስተምራት።

«ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ለሚላችሁ ደብረ ዳሞን አንሡለት። ወደ ገዳሙ የሚወጡ ወንዶች አንዱን የጠፍር ገመድ በእጃቸው ይዘው ይወጣሉ፤ ሌላው ወገባቸው ላይ ይታሰርና መነኩሴው ከላይ ሆኖ ይስበዋል። ያ ሁለተኛው ገመድ እኛ ቶፕ ሮፕ የምንለው ነገር ነው። ብቻ በቶፕ ሮፕ ገመዱ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ የሚይዘው ሰውም ታች ይቆማል። ገርዓልታ፣ አቡነ የማታ በባዶ እግሩ የወጣ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ እግሩን ማመን ያውቃል፣ ግማሹ ትምህርት አልቆለታል። ቋጠሮ ግን ያው ከዜሮ ይጀምራል።

ስለ ጠዋቱ ጥቂት ነገር። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሰው ይዛችሁ አትሂዱ፣ እናንተም ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ አትሂዱ። ባዶ ሆድ አይሆንም። ጾም ከሆነ ቅዳሜ ሂዱ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ በልቶ መውጣት ይቻላል፣ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ግን ገመድ ላይ ይንቀጠቀጣል። የጋብቻ ቀለበት ይወልቅ። ስንጥቅ ውስጥ ተይዞ ሰውነት ከወረደ ጣቱን ከነሥጋው ይገፍፈዋል። ማተብ አይወልቅም፣ ከሸሚዝ ሥር ይግባ። ረጅም ሹሩባ ወይም ፀጉር ታች፣ ማጅራት ላይ ይታሰር፤ ሄልሜቱም በደንብ ይቀመጣል፣ ገመዱ የሚያልፍበት መሣሪያ ውስጥም አይገባም። ሂጃብም እንዲሁ ጫፉ ውስጥ ይግባ። ጀበና ይዛችሁ እሳት ለማቀጣጠል እንዳታስቡ፤ ፔርሙዝ ይበቃል።

ዐለቱ ጋ ስትደርሱ፣ እንደ ካርዴሮክ ባለ ቦታ መጀመሪያ የምትደርሱት ከላይ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ እዚህ ነው ያለው። ማንም ገና ገመድ አላሰረም፣ ሁሉም ግን ወደ ጠርዙ ሄዶ ማየት፣ ከዚያም ፎቶ መነሣት ይፈልጋል። ጓደኛችሁን ሌላ ሰው ይዞት በመንገዱ ወደ ታች ይውረድ። እናንተ ስታስሩ ራሳችሁን በገመድ ያዙ። ታች ያለውም ሰው ሄልሜቱን ያጥልቅ፤ ከላይ ድንጋይም ካራቢነርም ይወርዳል።

የመጀመሪያው መውጣት ሁለት ሜትር ብቻ ይሁን። እዚያ ላይ «ልቀቀውና ተቀመጥ» በሉት። ገመዱ ይይዘዋል፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ዐለቱ ላይ ያሳርፋል፣ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ይወርዳል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ። ለጀማሪ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው የሚከብደው፤ 15 ሜትር ላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ «ድንጋዩን ልቀቅ» ከሚባል እዚህ ይልመደው። ላይ ደርሶ ዐለቱን አቅፎ አልለቅም ያለ ሰው አይቻለሁ። ገመዱን የያዙት ሰዎች ታች ሆነው ሲለምኑት ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ያዡ፣ ማለትም ታች ቆሞ ገመዱን የሚይዘው ሰው፣ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ደግሞ አለ። የመውጫ ገመድ እንዲለጠጥ ሆኖ ነው የተሠራው። ወጪው፣ ማለትም የሚወጣው ሰው፣ መሬት አጠገብ ሳለ ገመዱ እስከ ላይ ሄዶ ስለሚመለስ በእሱና በያዡ መካከል ያለው ርዝመት ትልቅ ነው፣ ልጥጠቱም ያን ያህል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜትሮች ገመዱን ወጠር አድርጋችሁ ያዙ። አለበለዚያ በገመድ ታስሮም ቢሆን እግሩ መሬት ይመታል። ወጪው ከያዡ በጣም የሚከብድ ከሆነ ያዡ ከመሬት ይነሣል፤ ክብደታቸው የተቀራረበ ሰዎች ይጣመሩ።

አወጣጡን ብዙ አታስተምሩት። «በእግርህ ግፋ፣ ክንድህ ቀጥ ይበል» በቂ ነው። ጀማሪ ሁሉ በክንዱ ይሳባል፣ ከሁለት መስመር በኋላ ጣቱ ኮካ ጠርሙስ መክፈት ያቅተዋል። የቀረውን ዐለቱ ያስተምረዋል።

ጩኸቱን ቀንሱ። አምስት ሰው ከታች «በርታ! አይዞህ! ቀኝ! ግራ!» ሲል ወጪው ያዡን አይሰማም። የሚጮኸው ያዡ ብቻ ይሁን። ቃላቱን መሬት ላይ ተስማሙባቸው፦ «ወጥር»፣ «አላላ»፣ «አውርደኝ»፣ የሚወድቅ ነገር ካለ «ድንጋይ!»። በተለይ «ያዝ» አትበሉ፤ ለገመዱ ይሁን ለዐለቱ አይታወቅም። ካርዴሮክ ቅዳሜ ቀን ሰው ይሞላል፣ ስም ጨምሩበት። «ድንጋይ» ስትሉ ግን በእንግሊዝኛም ጩኹ፣ ጎረቤታችሁ አማርኛ አይሰማም። ሰው ራሱ ብዙ አትጥሩ። ከሦስት እስከ አራት ይበቃል፣ ከእነሱም ቢያንስ ሁለቱ የሚያውቁ ይሁኑ። ለምን ሁለት? እናንተ ስትወጡ ማን ይይዛችኋል? ዛሬ ጠዋት ሃርነስ ያየ ልጅ ብቻውን እንዲይዛችሁ አታድርጉ። መማር ከፈለገ ይማር፤ የሚያውቀው ሰው ግን አጠገቡ ቆሞ የገመዱን ጭራ ይያዝ።

የራሳችሁን ከባድ መስመር ለሌላ ቀን አቆዩት። ጓደኛችሁ ቁጭ ብሎ ለሁለት ሰዓት እናንተን ሲጠብቅ ከዋለ የመጣው ለሽርሽር ነው። ሦስት አራት ቀላል መስመር ከወጣ፣ አሁንም ጉልበት ሳለው ወደ ቤት።

ማታ ሰውነቱን ይፈትሽ፣ መዥገር ሊኖር ይችላል፣ መዥገሯ ደግሞ ላይም የሚባለውን በሽታ ታመጣለች። ዛፎቹ ሥር ያለችው፣ ቆዳ የምታሳክከው ባለ ሦስት ቅጠል ፖይዝን አይቪ ነክታው ከሆነ ቆዳውን ቶሎ በሳሙና ይታጠብ፣ ገመዱንና ልብሱን የነካ እጅም እንዲሁ።

በማግስቱ «የት ነው ዕቃ የሚሸጠው?» ብሎ ከደወለ መጀመሪያ ጫማ ይግዛ። ቀጥሎ ሃርነስና ሄልሜት፣ የዩአይኤኤ ወይም የሲኢ የደህንነት ምልክት ያላቸው። ገመድ ለጊዜው የእናንተ ይበቃል። ፌስቡክ ላይ በርካሽ የሚሸጥ ያገለገለ ገመድና ሃርነስ ግን፣ ሻጩ ሐበሻ ቢሆንም፣ አይግዛ። ምን እንደደረሰበት አይታወቅም።