አስገድዶ ለዝሙት አዳሪነት ማሰማራት፦ መቀጮው ቢጨመር ምን ይለወጣል? (ጥያቄና መልስ)

ሰውን በኃይል፣ በማታለል ወይም በዕዳ ይዘው ለዝሙት አዳሪነት በሚያሰማሩ ሰዎች ላይ የሚጣለው የገንዘብ መቀጮ ይጨመር የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ከአገር ውስጥና ከውጭ ለመጡት ጥያቄዎች የወንጀል ሕግ የሚያውቅ አባላችን መልስ ሰጥቷል።

ከአዳማ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለመሆኑ መቀጮው አሁን ስንት ነው? አንዱ አሥር ሺህ ይላል፣ ሌላው ሦስት መቶ ሺህ።

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች ሕግ ላይ ነበሩ፤ ዘመናቸው ግን ይለያያል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 635 ሴቶችን ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ለዝሙት ያቀረበ ሰው ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 10,000 ብር መቀጮ ነበር። ማታለል፣ ማስፈራራት ወይም ኃይል ሲኖርበት አንቀጽ 636 ከ3 እስከ 10 ዓመትና እስከ 20,000 ብር ያስቀጣ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በሰው መነገድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 909 ወጣና መቀጮውን ከ150,000 እስከ 300,000 ብር፣ ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ስትሆን ደግሞ ከ200,000 እስከ 500,000 ብር አደረሰው። ዛሬ የሚሠራበት እሱን የተካው የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1178 ነው። በዚህ አዋጅ ተጎጂው አዋቂ ወንድ ከሆነ ከ7 እስከ 12 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ20,000 እስከ 100,000 ብር፤ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ30,000 እስከ 100,000 ብር ነው። ነገሩን የሚያከብዱ ሁኔታዎች ሲኖሩ ቅጣቱ ከዚህም ከፍ ይላል።

ከአዳማ፦ ቆይ፣ ቀነሰ ማለት ነው? እንዴት ተደርጎ?

መልስ፦ አዎ፣ ቀንሷል። እስራቱ የቀነሰበትን ምክንያት መረዳት ይቻላል። በ2007ቱ አዋጅ ተጎጂዋ ሴት ከሆነች ቅጣቱ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ስለነበር፣ አንዲት ልጅ ከመናኸሪያ ተቀብሎ ያስረከበውን ተላላኪና መረቡን የሚመራውን ባለሀብት ለይቶ ለመቅጣት ለዳኛው ቦታ አይተውም ነበር። መቀጮውን ግን አብሮ መቁረጥ አያስፈልግም ነበር ባይ ነኝ። ዳኛ ተከሳሹን በዓመታት ለይቶ እየቀጣ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሊነጥቀው ይችላል።

የብሩም ጉዳይ አለ። 300,000 ብር በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 14,000 ዶላር ነበር። በ2012 ዓ.ም. 100,000 ብር ወደ 3,000 ዶላር ያወጣ ነበር። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያው 100,000 ብር ከ1,000 ዶላር በታች ወርዷል። በብር ቁጥር የተጻፈ መቀጮ ማንም ሳይነካው በየዓመቱ ራሱን ይቀንሳል።

ከባሕር ዳር፦ እኔ መቀጮ ያስፈራል ብዬ አላምንም። ሃያ ዓመት እስራት ያላስፈራውን መቶ ሺህ ብር ያስፈራዋል?

መልስ፦ እስራቱን የሚታሰረው ብዙ ጊዜ የፊት ሰው ነው፤ ገንዘቡ ያለው ከኋላ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ብለን እንቁጠር። አንዲት ልጅ ለአስተናጋጅነት ተብላ ትመጣለች። ለትራንስፖርት፣ ለልብስና ለአልጋ 15,000 ብር ዕዳ ተጽፎባት በቀን ሦስት ሰው እንድትቀበል ትደረጋለች። ከአንዱ 400 ብር ቢሰበሰብ በቀን 1,200፣ በወር በ26 ቀን 31,200፣ በስምንት ወር 249,600 ብር ይሆናል። ይህ ከአንዲት ልጅ ነው፤ ቤቱ አራት ልጆች ቢይዝ አንድ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንግዲህ መነሻው 30,000፣ ጣሪያው 100,000 ብር የሆነ መቀጮ ለዚህ ሰው ምኑ ነው? ከመጠጥ ቤቱ የኪራይ ወጪ ጋር ደምሮ ይይዘዋል።

ስለዚህ ቁጥሩን ማሳደግ ብቻውን አይበቃም፤ መቀጮው ከተሰበሰበው ጥቅም ጋር መታሰር አለበት። «በብር ይህን ያህል ወይም ከተገኘው ጥቅም እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው» ተብሎ ቢጻፍ ዋጋ ቢንርም ሕጉ አይሞትም።

ከቤይሩት፦ እህቶቻችን ከአሠሪ ቤት ወጥተው በደላላ እጅ የሚወድቁበት አገር ነው ያለሁት። እዚህ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ሊባኖስ በ2011 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣችው ሕግ ቁጥር 164 መቀጮውን በሊራ ቁጥር አልጻፈችም፤ በመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ብዜት ነው ያስቀመጠችው። መነሻው 5 ዓመት እስራትና የዝቅተኛው ደመወዝ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ነው። ማታለል ወይም ኃይል ካለበት 7 ዓመትና ከ150 እስከ 300 እጥፍ ይሆናል። አጻጻፉ ብልህ ነው። ችግሩ ደመወዙ ራሱ ሳይስተካከል ሲቆይ መቀጮውም አብሮ መድቀቁ ነው። ለእኛ አገር ደግሞ በቀጥታ አይቀዳም፤ ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንምና።

ከሐዋሳ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡ ለማን ነው የሚገባው? ለልጅቷ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ መቀጮ ለመንግሥት ነው የሚገባው። ብዙ ቤተሰብ «ፍርድ ቤቱ መቶ ሺህ ፈርዶላታል» ብሎ ሲጠብቅ ይቀራል። ልጅቷ የምታገኘው ካሳ ነው፣ ካሳ ደግሞ ካልተጠየቀ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። መንገዱ እንዲህ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት ተጎጂዋ ወይም ወኪሏ ክርክሩ ሲከፈት የካሳ ማመልከቻ በጽሑፍ ለዚያው የወንጀል ችሎት ታቀርባለች። ማመልከቻው የሚጠየቀውን ካሳ ዓይነትና የገንዘብ ልክ መግለጽ አለበት፤ «ተገቢው ካሳ ይሰጠኝ» ብቻ አይበቃም። ከላይ እንዳየነው ቀን በቀን የተሰበሰበባትን ማስላት፣ የሕክምና ወጪን፣ ያልተከፈላትን የአስተናጋጅነት ደመወዝ መደመር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ክርክሩ ተጋምሶ ይመጣል፤ ወይም ማመልከቻው የገንዘብ ልክ የለውም፤ ወይም ቀድሞ የፍትሐ ብሔር ክስ ተከፍቷል፣ ያኔ የወንጀል ችሎቱ አይቀበለውም። ተከሳሹ በሌለበት በሚታይ ጉዳይም እንዲሁ አይታይም፤ የቀረው መንገድ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው።

ብዙም የማይጠቀስ አንድ አንቀጽ ልጨምር፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102። ተፈርዶበት ካሳውን እንደማይከፍል ከሁኔታው ከታየ፣ ፍርድ ቤቱ ከተያዘው ዕቃ ሽያጭ ወይም ከመቀጮው ላይ ከፊሉ ለተጎጂዋ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። ጠበቃ ያላችሁ ይህን በማመልከቻው ላይ በግልጽ እንዲጠይቅ አድርጉ።

ከደሴ፦ እንግዲያው መቀጮው በጣም ከበዛ ለካሳ የሚተርፍ ነገር አይጠፋም?

መልስ፦ ይጠፋል፣ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የአንድ ሰው ንብረት ውስን ነው፤ መንግሥት ቀድሞ ከወሰደ ልጅቷ ባዶ ፍርድ ይዛ ትቀራለች። መቀጮ የሚጨምር ማሻሻያ ሁሉ «ካሳ ይቀድማል» የሚል ዐረፍተ ነገር ከሌለው ተጎጂዎችን ይጎዳል። ሁለተኛው አደጋ ጉቦ ነው፤ መቀጮ ሲጨምር መዝገብ የማዘጊያ ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ከጭማሪው ጋር ምርመራው የተዘጋበት ምክንያት በጽሑፍ ለተጎጂዋ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ድንጋጌ እፈልጋለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ ልጅቷ ዕዳዋን ፈርማለች፣ ፈቅጄ ነው የገባሁትም ትላለች። ክሱ አይወድቅም?

መልስ፦ አይወድቅም። ማታለል፣ ማስፈራራት ወይም ችግሯን መጠቀም ካለበት ፈቃዷ መከላከያ አይሆንም። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ማታለሉንም ሆነ ኃይሉን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለብዝበዛ ዓላማ መመልመሏ ወይም መጠለሏ ይበቃል። የዕዳ ውሉም የማይረጋ ነው፣ ሕገ ወጥና ለሞራል ተቃራኒ ነገር ላይ የተመሠረተ ውል ፈራሽ ነውና። ያ የዕዳ ደብተር እንዲያውም ምርጥ ማስረጃ ነው። ለመርማሪ መጀመሪያ ማስያዝ ያለባችሁ እሱን ነው።

ከጅማ፦ ገንዘቡን በስሙ አያስቀምጥም። ከየት ይነጠቃል?

መልስ፦ ፍርድ እስኪሰጥ ከተጠበቀ ከየትም አይነጠቅም። ሰውየው በተያዘ ሰሞን ሂሳቡ ይራቆታል፣ መኪናው ወደ ወንድም ስም ይዞራል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የንብረት እግድ የሚጠይቀው በምርመራው መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት። የባንክና የቴሌብር እንቅስቃሴው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይወጣል፤ ማታ ማታ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ትናንሽ ገቢዎች፣ ጠዋት አንድ ትልቅ ወጪ ከታየ ሥራው ራሱን ይናገራል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅም ለዚህ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ከጎንደር፦ ሕጉ ነገ ቢሻሻል አሁን የተያዙትን ይነካል?

መልስ፦ አይነካም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም፣ ለተከሳሹ የሚጠቅመው አዲስ ሕግ ካልሆነ በቀር። በ2012 ዓ.ም. ቅጣቱ ሲቀንስ ከዚያ በፊት የተፈጸመው ድርጊትም በአዲሱ ቀለል ያለ ቅጣት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቨርጂንያ፦ እኛ ጋስ? እዚህም ሐበሻ ለሐበሻ የሚያደርገው አለ።

መልስ፦ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መቀጮው ለግለሰብ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለድርጅት እስከ 500,000 ዶላር ነው፤ ወይም ከተገኘው ጥቅም እጥፍ ሊሆን ይችላል። በ2015 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣ ሕግ ደግሞ አቅም ያለው ጥፋተኛ 5,000 ዶላር ተጨማሪ እንዲከፍል ደንግጎ ነበር። ዋናው ግን ለተጎጂ የሚከፈለው ማካካሻ ግዴታ መሆኑ ነው፤ ዳኛው ሊተወው አይችልም። ልኩም ተከሳሹ ከእሷ ያገኘውን ሙሉ ገቢ ሊጨምር ይችላል። ኃይል ወይም ማታለል ያለበት ከሆነ እስራቱ ከ15 ዓመት አይወርድም። የእርዳታ ስልኩ 1-888-373-7888 ነው፤ በአስተርጓሚ ያነጋግራሉ። ወረቀት የላትም ብላችሁ አትፍሩ፣ ለእንዲህ ዓይነት ተጎጂዎች የተለየ ቪዛ አለ።

ከአዲስ አበባ፦ እህቴ ልበልህ ወንድሜ አላውቅም፣ ይቅርታ። ሰፈራችን ውስጥ ልጅ ተይዛ እንደምትሠራ እርግጠኛ ነኝ። ዛሬ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቤቱን ባለቤት አታነጋግሪ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሌላ ቤት ይወስዳታል። ዕዳዋንም ከፍለሽ ለማስወጣት አትሞክሪ፣ በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ያስመጣበታል። የቤቱን አቅጣጫ፣ የበሩን ቀለም፣ የሚወጡበትን ሰዓት፣ የመኪና ሰሌዳ ካለ ቁጥሩን ጻፊ። ፎቶዋን ለማንም አትላኪ። ከዚያ በክፍለ ከተማሽ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አመልክቺ። ምስክር ለመሆን ብትፈሪ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ስለሚሠራ ይህን ይሸፍናል፣ ጥበቃውን በጽሑፍ ጠይቂ።

ልጅቷ እንደወጣች ፈጥና ሕክምና ታግኝ፤ ከመጨረሻው ግንኙነት በኋላ ያሉት 72 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው፣ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይጀመርም። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምና፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማእከል አለ። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። ከፖሊስ ጣቢያው ስትወጪ የምርመራ መዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ይዘሽ ውጪ።